የጌብልና የሎምባርድ ፊርማ ያለበት ፎቶ፦ እውነተኛ ነው ወይ ለሚል ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። ባለፈው ወር ሰፈራችን ውስጥ አንዲት አዛውንት አርፈው ቤተሰቡ የቤት ዕቃቸውን ሲሸጥ፣ ከግድግዳ የወረደ ፎቶ ከነፍሬሙ በ60 ዶላር ገዛሁ። ክላርክ ጌብልና ባለቤቱ ካሮል ሎምባርድ ጎን ለጎን ሆነው ይታያሉ፤ ሁለቱም በሰማያዊ ቀለም ፈርመውበታል። ከፍሬሙ ጀርባ የእውነተኛነት ማረጋገጫ ወረቀት ተለጥፏል። አባቴ የድሮ ሲኒማ ወዳጅ ስለነበሩ እኔም የታወቁ የፊልም ጥንዶች የፈረሙባቸውን ፎቶዎች መሰብሰብ እፈልጋለሁ። ጓደኛዬ ይሄ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ያወጣል ትላለች። እውነተኛ ነው? ካልሆነስ ከየት ልጀምር?»

እህቴ፣ የላኩልኝን ምስሎች ደጋግሜ አየኋቸው። ልብዎን ሳላንጠለጥል ልናገር፤ ፊርማዎቹ የጌብልና የሎምባርድ አይደሉም። ፎቶው ራሱ ሌላ ጉዳይ ስለሆነ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ። «አይደሉም» ብዬ ባቆም ለዛሬ ይበቃ ነበር። ግን መሰብሰብ ከጀመሩ ነገ ሌላ ፎቶ ፊትዎ ይቀርባል፤ ያኔ የሚጠቅምዎ እንዴት እዚህ መልስ ላይ እንደደረስኩ ማወቅዎ ነው። ዘመኑን ሁሉ የምጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

የአንድ ሰው ፊርማ ሲቀርብልን «የእሱ እጅ ነው ወይ?» ብለን እንጀምራለን። የጥንዶች ሲሆን ግን ከዚህ የሚቀድም ጥያቄ አለ፤ ሁለቱ ሰዎች ይህንን አንድ ወረቀት መቼ ሊነኩት ይችሉ ነበር? እኔ ለእያንዳንዱ ጥንድ አንድ ገጽ የመደብኩበት ደብተር አለኝ። የተዋወቁበት፣ አብረው የሠሩበት፣ የተጋቡበት፣ የተለያዩበት፣ አንዳቸው የሞቱበት ቀን ተጽፎበታል። ፎቶውን ከማየቴ በፊት ገጹን አነባለሁ።

የጌብልና የሎምባርድ ገጽ አጭር ነው፤ ሳነበውም ሁልጊዜ ያሳዝነኛል። በ1932 አንድ ፊልም ብቻ አብረው ሠሩ። ያኔ እሷ የተዋናዩ የዊልያም ፓወል ሚስት ነበረች፤ እሱም ትዳር ነበረው። ፍቅራቸው የጀመረው በ1936 ነው። ማርች 29 ቀን 1939 አሪዞና ውስጥ ኪንግማን በምትባል ትንሽ ከተማ ተጋቡ። ጃንዋሪ 15 ቀን 1942 ሎምባርድ ኢንዲያናፖሊስ ላይ በአንድ ቀን ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ የጦርነት ቦንድ ሸጠች። በማግስቱ ወደ ቤቷ ስትመለስ የተሳፈረችበት አውሮፕላን ላስ ቬጋስ አካባቢ ከተራራ ጋር ተጋጭቶ ሞተች። ገና 33 ዓመቷ ነበር። በባልና ሚስትነት የኖሩት ሦስት ዓመት እንኳ አልሞላም።

ሁለቱ እንደ ጥንድ አንድ ፎቶ ላይ ሊፈርሙ የሚችሉበት ዘመን እንግዲህ ይህን ያህል ጠባብ ነው። በዚህ ጠባብ ዘመን ውስጥ ደግሞ የታወቁ ቀኖች አሉ። ለምሳሌ ዲሴምበር 15 ቀን 1939 አትላንታ ላይ «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» የተባለው ፊልም ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታይ መሪ ተዋናዩ ጌብል ከሎምባርድ ጋር፣ መሪ ተዋናይቷ ቪቪያን ሊም ከተዋናዩ ከሎረንስ ኦሊቪዬ ጋር ተገኝተዋል። አንድ ሰው የዚያን ምሽት ፕሮግራም ከአያቱ ታሪክ ጋር ይዞ ቢመጣ ቡናዬን ትቼ ነበር የምነሳው። ታላላቅ ተዋንያን አንድ አዳራሽ ውስጥ ነበሩ፤ ሕዝቡም እስክሪብቶ ሳይሆን የቀለም ብዕር ይዞ ከበባቸው።

እስክሪብቶ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። እርስዎ አቅርበው ያነሱት ሦስተኛው ምስል ላይ መስመሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት ውፍረት አለው፤ እጁ በታጠፈበት ቦታ ሁሉ ትንንሽ የቀለም ጓል ተቀምጧል፤ ወረቀቱም ተጭኖ ጎድጉዷል። ይህ ዛሬ ሁላችንም የምንጽፍበት ባለ ኳስ እስክሪብቶ ነው። እሱ ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሸጠው ኦክቶበር 29 ቀን 1945 ኒው ዮርክ ውስጥ ጊምብልስ በተባለው ትልቅ መደብር ነው፤ ዋጋው 12 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነበር። ሎምባርድ ካረፈች ሦስት ዓመት ከዘጠኝ ወር አልፎ ማለት ነው። በእኔ በኩል ጉዳዩ እዚህ ላይ ተዘግቷል። የቀረው ሁሉ ማጠናከሪያ ነው።

የቀለም ብዕር ሌላ ጠባይ አለው። እጅ ሲከብድ መስመሩ ይሰፋል፣ ሲቀል ይቀጥናል። ጫፉ ሲጫን ለሁለት ስለሚከፈት ዳርና ዳሩ ጠቆር ብሎ መሐሉ ሳሳ ይላል። መስመሩ ያለቀበት ቦታ ላይ ቀለም ይጠራቀማል። የሚያብረቀርቅ ፎቶ ላይ ደግሞ ውኃ ቅባት ላይ እንደሚሸሸው ይሸሽና ይቆራረጣል። አሥር እጥፍ የሚያጎላ ትንሽ መነጽር ይግዙ፤ ዕንቁ ሻጮች ዓይናቸው ላይ የሚያደርጉት ዓይነት። በአንድ ሳምንት ውስጥ ዓይንዎ ይለምደዋል።

ሁለተኛው ነገር ከቀለሙም በላይ የሚያጋልጥ ነው። ክላርክም ካሮልም የሚጀምሩት በላቲኑ «ሲ» ነው። «ኤል»፣ «ኤ» እና «አር» የሚባሉት ፊደላትም በሁለቱም ስሞች ውስጥ ይገኛሉ። የእርስዎ ፎቶ ላይ ሁለቱ «ሲ»ዎች ከላይ አንድ ዓይነት መንጠቆ አላቸው፤ ሁለቱ «አር»ዎች አንድ ዓይነት ጉልበት፤ ያዘነበሉትም በእኩል ነው። አንድ እጅ ነው ሁለቱንም ስም የጻፈው። ባልና ሚስት ብዙ ነገር ይመሳሰላሉ፣ የእጅ ጽሑፋቸው ግን እንዲህ አይመሳሰልም። ጥንዶች የፈረሙበት ፎቶ በቀረበልዎ ቁጥር በሁለቱም ስሞች ውስጥ ያሉትን የጋራ ፊደላት ለይተው ያነጻጽሩ። የአንዱን ፊርማ ከሌላ እውነተኛ ናሙና ጋር ከማመሳከርም በፊት ይሄን ያድርጉ፤ ምክንያቱም ናሙና አያስፈልገውም፣ ማስረጃው እዚያው ወረቀት ላይ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ለይተን እንያዝ። አንድ እጅ ሁለት ስም ጻፈ ማለት ሁልጊዜ አጭበርባሪ ነው ማለት አይደለም። በ1930ዎቹ ለአንድ ታዋቂ ተዋናይ ከአድናቂዎች የሚጎርፈው ደብዳቤ በከረጢት ነበር የሚመጣው። ስቱዲዮዎቹ ፎቶውን በብዛት አትመው ይልኩ ነበር፤ ፊርማው አንዳንዴ አብሮ የታተመ፣ አንዳንዴ በማኅተም የተመታ፣ አንዳንዴም ጸሐፊዋ የፈረመችው ነው። የተዋናይቷን የጂን ሃርሎን ጉዳይ የሚያውቅ ሰብሳቢ ሁሉ ይጠነቀቃል፤ በስሟ የተሰራጩትን ፎቶዎች በብዛት የፈረሙት እናቷ ናቸው፤ ብዙዎቹም «ለእገሌ» የሚል ረዘም ያለ ምርቃት ጭምር አላቸው። እነዚህ በዘመናቸው የተሠሩ፣ የራሳቸው ታሪክ ያላቸው ነገሮች ናቸው። ሻጩ «የጸሐፊ ፊርማ ነው» ብሎ በልኩ ዋጋ ከሸጠልዎ ይግዙ። እኔም አሉኝ፣ እወዳቸዋለሁ። የእርስዎ ግን በእስክሪብቶ ስለተጻፈ ከዚህ ወገን ሊሆን አይችልም፤ ሎምባርድ ከሞተች በኋላ ጸሐፊዋ በስሟ ለማን ትፈርማለች?

ማረጋገጫ ስለተባለው ወረቀት ብዙ አልልም። ፊርማውን ማን እንዳየው፣ መቼ እንዳየው፣ ከምን ጋር አመሳክሮ እንደወሰነ አንድም ቃል የለበትም። ወርቃማ ማኅተምና የሚያምር ፊደል ብቻ ነው። ማረጋገጫ የሚመዝነው የሰጠውን ሰው ስም ያህል ነው፤ ስም የሌለው ደግሞ ምንም አይመዝንም።

አሁን የራሴን ላውራልዎ፣ ምክንያቱም ብዙዎቻችንን የሚያስተን የእርስዎ ዓይነቱ ፎቶ አይደለም። ከሃያ ዓመት በፊት የሀምፍሪ ቦጋርትና የሎረን ባኮል ፎቶ ከአንድ ነጋዴ ገዛሁ። እነዚህ ጥንዶች ለእኔ ከሁሉም ይበልጣሉ። በ1944 ፊልም ሲሠሩ ተዋወቁ፤ ሜይ 21 ቀን 1945 ኦሃዮ ውስጥ ማላባር በተባለ እርሻ ላይ ተጋቡ፤ እስከ 1948 ድረስ አራት ፊልም አብረው ሠሩ። ፎቶው ላይ ሁለቱም በጥቁር ፈርመውበታል። የባኮልን እጅ በደንብ አውቀው ነበር፤ ሳየው የእሷ ነው። ልቤ ወዲያው አረፈ። የቦጋርትን ግን ያን ያህል አልመረመርኩትም፤ የሚስቱ እውነት ለእሱ ዋስ ሆነለት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ ለወራት ያጠራቀምኩትን ገንዘብ ከፈልኩ።

ከአንድ ዓመት በኋላ ፍሬም ልቀይርለት አውጥቼ በመነጽር ሳየው ሁለቱም የተፈረሙት ቀጭን ጫፍ ባለው ማርከር መሆኑን አስተዋልኩ። እንዲህ ያለው ማርከር ገበያ ላይ የዋለው በ1960ዎቹ ነው። ቦጋርት የሞተው ጃንዋሪ 14 ቀን 1957 ነው። ባኮል ግን እስከ ኦገስት 2014 ኖራለች፤ ባሏ ከሞተ ከ57 ዓመት በላይ ማለት ነው። በእነዚያ ዓመታት ቴአትር ቤት ደጃፍ ላይም በፖስታም ለአድናቂዎቿ ብዙ ፈርማለች። አንድ ሰው እሷ በእርግጥ የፈረመችበትን የጥንዶቹን ፎቶ አግኝቶ፣ አጠገቧ ያለውን ባዶ ቦታ አይቶ፣ ተመሳሳይ ማርከር ገዝቶ ሟቹን ባል አስፈረመው። ገንዘቡ ቆጭቶኛል፤ ከገንዘቡ ይበልጥ የቆጨኝ ግን አንድ እውነተኛ የባኮል ፎቶ እንደዚያ ሆኖ ለዘላለም መበላሸቱ ነው። ሚስትየዋ በእርጅናዋ የፈረመችለት አድናቂ ቤቱ ሲያስገባው ምን ያህል ደስ ብሎት ይሆን!

ስለዚህ አንዳቸው ቀድመው የሞቱ፣ ሌላቸው ረጅም ዕድሜ የኖሩ ጥንዶች ሲሆኑ ሁለቱን ፊርማዎች ለየብቻ ይመርምሩ። አንዱ እውነተኛ መሆኑ ለሌላው አይመሰክርም። በተቃራኒው ደግሞ ሁለቱ በተለያየ ቀለም መፈረማቸው አያስደንግጥዎት። አንዱ ሎስ አንጀለስ፣ ሌላው ከዓመት በኋላ ለንደን ሊፈርም ይችላል። በእኔ ልምድ ትልልቅ ጥንዶች ላይ በተለያየ ብዕር የተፈረመው ፎቶ ነው የበለጠ የማምነው፤ አጭበርባሪ አንድ ብዕር ነው የሚይዘው።

ከየት ልጀምር ላሉት፣ ምክሬ ከፎቶ አይጀምሩ የሚል ነው። መጀመሪያ የአድናቂዎችን የፊርማ ደብተር ቅጠሎች ይግዙ። በዚያ ዘመን ልጆች ትንሽ ደብተር ይዘው በስቱዲዮ በርና በሆቴል መግቢያ ላይ ይቆሙ ነበር። ተዋናዩ በችኮላ፣ በቆመበት፣ በልጁ ብዕር ይፈርማል። ቅጠሉ ውብ አይደለም፤ በሌላኛው ገጽ ላይ የማያውቁት ሰው ስም ይኖራል። ግን ብዙውን ጊዜ እውነተኛው እጅ እዚያ ነው ያለው፤ ዋጋውም ከፎቶ በእጅጉ ያንሳል። የባልና የሚስትን ቅጠል አግኝተው ከአንድ ያልተፈረመ የድሮ ፎቶ ጋር አንድ ፍሬም ውስጥ ቢያስቀምጡ ያኮራዎታል፤ ነገ ለሌላ ሲያስተላልፉት ግን «ፎቶው የተፈረመበት አይደለም» ብለው ጽፈው ይስጡ።

ከጥንዶቹ መካከል ለጀማሪ የምመርጥልዎ ቪቪያን ሊንና ሎረንስ ኦሊቪዬን ነው። የተጋቡት በኦገስት 1940፣ የተፋቱት በ1960 ነው፤ ሃያ ዓመት ሙሉ። በዚያ ላይ የመድረክ ሰዎች ነበሩ። በ1948 አውስትራሊያንና ኒውዚላንድን እየዞሩ ቴአትር አሳይተዋል፤ በ1951 ደግሞ ሁለት የክሊዮፓትራ ተውኔቶችን በለንደን፣ ቀጥሎም በኒው ዮርክ አቅርበዋል። የቴአትር ፕሮግራም ቀን አለው፣ ቦታ አለው፣ ሁለቱም በዚያ ምሽት እዚያ ነበሩ። ፊርማው ከዚያ ቀን ጋር ሲገጥም ማስረጃው ግማሹን ሥራ ይሠራልዎታል።

ሜሪ ፒክፎርድና ዳግላስ ፌርባንክስ ከዚህ በፊት የነበሩ ናቸው፤ በ1920 ተጋቡ፣ በ1936 ተፋቱ። እሱ በ1939 ሲሞት እሷ እስከ 1979 ስለኖረች ስለ ባኮል የነገርኩዎት ማስጠንቀቂያ እዚህም ይሠራል። ስፔንሰር ትሬሲና ካትሪን ሄፕበርን ከ1942 እስከ 1967 ዘጠኝ ፊልም አብረው ሠርተዋል፤ እሷ ግን ፎቶ ላይ መፈረም አትወድም ነበር፤ ለአድናቂዎቿ በታይፕ የተጻፈ አጭር መልስ ፈርማ ነበር የምትልከው። «ሁለቱም የፈረሙበት ፎቶ» የሚል ማስታወቂያ ሲያዩ ቆም ይበሉ። ፖል ኒውማንና ጆአን ውድዋርድ ከ1958 ጀምሮ ሃምሳ ዓመት በትዳር ቢኖሩም እሱ በጎልማሳነቱ ለአድናቂ መፈረም አቁሟል፤ ስለዚህ ትዳሩ የረዘመውን ያህል የሚገኘው ፊርማ አይበዛም። ኤልዛቤት ቴይለርና ሪቻርድ በርተን በ1964 ሞንትሪያል ተጋብተው፣ በ1974 ተፋትተው፣ በ1975 እዚሁ አህጉራችን ቦትስዋና ላይ እንደገና ተጋብተው፣ በዓመቱ ተለያይተዋል፤ በጸሐፊ የተፈረመው ስለሚበዛ ለጀማሪ አልመክርም።

አባትዎ አዲስ አበባ ሲኒማ የሚገቡ ከነበሩ ደግሞ የእሳቸው ጥንዶች ሆሊውድ ላይሆኑ ይችላሉ። የሕንድ ፊልም አገራችን ውስጥ እንዴት ይወደድ እንደነበር ያውቃሉ። ራጅ ካፑርና ናርጊስ ባልና ሚስት አልነበሩም፤ ግን ከ1948 እስከ 1956 በመጋረጃው ላይ ከእነሱ የሚስተካከል ጥንድ ማን ነበር? ናርጊስ በማርች 1958 ሱኒል ደትን አገባች። እዚህም ደብተሩ አንድ ዓይነት ነው፤ ሁለቱ አብረው የነበሩበት ዘመን ስምንት ዓመት ብቻ። ለአባትዎ ማስታወሻ ከሆነ እኔ ብሆን መጀመሪያ የእነሱን ነበር የምፈልገው።

ስለ አያያዝ አጭር ልበል። ፎቶውን ሳሎን ጠረጴዛ ላይ እንግዳ ሲመጣ በምናወጣው፣ ገጹ ማጣበቂያ በተቀባ አልበም ውስጥ በፍጹም አያስገቡ፤ ሙጫው ጀርባውን ይበላዋል። ላሚኔት አያስደርጉ። ፍሬም ውስጥ ሲገባ መስታወቱ ፎቶውን እንዳይነካ በዙሪያው አሲድ የሌለው ካርቶን ይግባበት። ፀሐይ ከሚመታው ግድግዳ ያርቁት፤ የቀለም ብዕር ሰማያዊ በጥቂት ዓመት ይደበዝዛል። እንደ ጅዳና ዱባይ ባሉ ወበቃማ ከተሞች የሚኖሩ አንባቢዎች ደግሞ እርጥበቱ ፎቶን ከመስታወት ጋር እንደሚያጣብቅ ይወቁት፤ ተጣብቆ ካገኙት አይላጡት፣ ለፎቶ ጠጋኝ ባለሙያ ያሳዩት።

ወደ እርስዎ ፎቶ ልመለስ። የሐሰት ፊርማ እውነተኛ የድሮ ፎቶ ላይ ሊጻፍ ይችላል። የላኩልኝ የፍሬሙን ጀርባ እንጂ የፎቶውን ጀርባ ስላልሆነ ከፍሬሙ ቀስ ብለው ያውጡት። ክፍሉን አጨልመው፣ ሱቆች ውስጥ ፎርጅድ ገንዘብ የሚለዩበትን ሐምራዊ መብራት ያብሩበት፤ አጠገቡ ተራ የቢሮ ወረቀት ያስቀምጡ። ወረቀቱ ሰማያዊ ነጭ ሆኖ ይበራል። የፎቶው ነጭ ክፍልና ጀርባም አብረው ከበሩ ፎቶው ከ1950 ወዲህ የታተመ ቅጂ ነው፤ ምክንያቱም ያን የሚያበራ ንጥረ ነገር የፎቶ ወረቀት ላይ መጨመር የተጀመረው በዚያን ጊዜ ነው። ደብዝዞ ከቀረ ተስፋ አለው። ቀጥሎ ከጎን ብርሃን አብርተው ጥቁር ቦታዎቹን ይዩ፤ ዳር ዳሩ ላይ እንደ ብር የሚያብለጨልጭ ነገር ካለ ያ የዕድሜ ምልክት ነው። ጀርባው ላይ የፎቶ አንሺ ማኅተም፣ የስቱዲዮ ቁጥር፣ ወይም በታይፕ የተጻፈ ቁራጭ ወረቀት ሊኖር ይችላል። በዚያ ዘመን ኤምጂኤም በተባለው የሆሊውድ ስቱዲዮ ውስጥ እንደ ክላረንስ ሲንክሌር ቡል ያሉ፣ ከዚያም ወጥተው በግላቸው ይሠሩ የነበሩ እንደ ጆርጅ ሀረል ያሉ አንሺዎች ሥራ ፊርማ ባይኖረውም ሰብሳቢ ይፈልገዋል።

ለጊዜው ለማንም አይሽጡት፤ ጀርባው ላይም ምንም አይጻፉ፣ የግድ ከሆነ በእርሳስ ብቻ ዳሩ ላይ። ማኅተም ካገኙ በቀን ብርሃን አንስተው ይላኩልኝ፤ ያን ጊዜ 60 ዶላርዎ የት እንደገባ አብረን እናያለን።